በጀሪካን ቤንዚን ስለተነዳችው የአንኮበር መኪናና ስለ አቶ ገብረአማኑኤል አሟሟት

ደብረ ብርሃን ከተማ ፖሊስ ጣቢያ
የምስክር ቃል መቀበያ

የመዝገብ ቁጥር፦ 217/88
የምስክሩ ስም፦ ዘርአ ዳዊት ወልደአረጋይ
ዕድሜ፦ 48
ሥራ፦ መካኒክ
የትምህርት ደረጃ፦ 8ኛ ክፍል
አድራሻ፦ ደብረ ብርሃን ከተማ፣ ቀበሌ 04፣ የቤት ቁጥር 312
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሰኞ ሐምሌ 15 ቀን 1988 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ሳጅን ገብረመንፈስቅዱስ ገብረአብ

ስሜና አድራሻዬ ከፍ ሲል የተጻፈው እኔ ምስክር፣ ማንም ሳይጠራኝና ሳያስገድደኝ በራሴ እግር ወደ ጣቢያው መጥቼ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ። አደጋው በደረሰበት ዕለት ሐሙስ ሐምሌ 11 ቀን ለጠየቁኝ የትራፊክ ፖሊስ ባጭሩ ተናግሬ ነበር። በዚያ ቃል ውስጥ የፈጠርሁት ነገር የለም፤ ነገር ግን ሆን ብዬ የተውሁት ነገር አለ። ዛሬ የመጣሁት የተውሁትን ለመሙላት ነው።

ሟች አቶ ገብረአማኑኤል ገብረ ጻድቅን ካወቅኋቸው ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ዕድሜያቸው 67 ሲሆን፣ ዕድሜያቸውን ሁሉ በመንገድ ሥራ ቀያሽነት ኖረው ጡረታ ከወጡ በኋላ አንኮበር ወረዳ ጎረቤላ ከተማ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ አስካለማርያም ጋር ይኖሩ ነበር። የተቃጠለችው መኪና የእሳቸው ናት። ሁለት በርና ሁለት መቀመጫ ብቻ ያላት፣ ጣሪያዋ ሸራ ሆኖ ወደ ኋላ የሚታጠፍ፣ በ1958 ዓ.ም. የተሠራች የስፖርት መኪና ነች፤ ቀለሟ ነጣ ያለ አረንጓዴ ነው። አብሯቸው ይሠራ የነበረ የውጭ አገር መሐንዲስ ወደ አገሩ ሲመለስ እንደገዟት ነግረውኛል። ቤንዚን በኩፖን ይታደል በነበረበት ዘመን ጎማዎቿን አውልቀው ጭድ ቤት ውስጥ አስቀምጠዋት ኖረዋል። ከዚያ ስትወጣ ሰልባትዮዋ፣ ማለትም የቤንዚን ማጠራቀሚያዋ፣ ውስጡን ዝጎ ስለነበር ዝገቱ ከቤንዚኑ ጋር እየመጣ ካርብሬተሯን ይደፍነዋል። ዳገት ላይ ትታፈንና ትቆማለች። በየጊዜው እየከፈትሁ የማጸዳት እኔ ነበርሁ። የከተማው ሰው አሮጌ ሰውና አሮጌ መኪና እያለ ይስቅባቸው ነበር። እሳቸው ግን ስሠራ ከጎኔ ዱካ ላይ ተቀምጠው መፍቻ እያቀበሉኝ ይውላሉ፤ ቸኩል ብለውኝ አያውቁም።

በሰኔ ወር መጀመሪያ መኪናዋን ራሳቸው እየነዱ ደብረ ብርሃን ወደ ሥራ ቦታዬ መጡ። ልጃቸው ለተጊዮርጊስ የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ እነሱ ቤት እንደገባች፣ ባሏ ወርቅአገኘሁ ሰላ ድንጋይ የእርሻ ባለሙያ በመሆኑ በክረምቱ ሥራ እንደማይለቁት ነገሩኝ። «አንኮበር በክረምት መኪና እንደማይገኝ ታውቃለህ። ልጄ እስክትገላገል ድረስ ይቺ መኪና በተጠራች ሰዓት የምትነሣ አድርግልኝ፤ ሌላ ነገር አልፈልግም» አሉኝ። ከፍቼ ሳይ ቤንዚን ከኋላ ስቦ ወደ ሞተሩ የሚልከው ፓምፕ ውስጥ ያለው ስስ ላስቲክ መቀደድ ጀምሯል። ይህ ላስቲክ ጨርሶ ከተቀደደ ፓምፑ ቤንዚን ሊስብ አይችልም። አዲስ አበባ ሰው ልኬ ባስፈልግም ለዚያች መኪና የሚሆን አልተገኘም።

የተውሁት ነገር ይህ ነው። ሰኔ 20 ቀን ከአሮጌ ከመነዳሪ፣ ማለትም ጎማ ውስጥ ገብቶ ከሚነፋው ላስቲክ፣ ቆርጬ፣ በመቀስ አስተካክዬ ፓምፑ ውስጥ አስገባሁ። ቤንዚን የከመነዳሪን ላስቲክ እያለሰለሰ እንደሚያበላሸው በሃያ ስድስት ዓመት ሥራዬ አውቀዋለሁ። ሁለት ወር ይቆይልኛል፣ እስከዚያ ልጅቱ ትወልዳለች ብዬ ገመትሁ። አቶ ገብረአማኑኤል አገኘህ ወይ ብለው ሲጠይቁኝ «አዎ ጋሼ፣ ከአዲስ አበባ አስመጣሁት፣ ኦሪጅናል ነው» አልኋቸው። ለምን እንዲህ እንዳልሁ መርማሪው ጠይቆኛል። ሌላ ምክንያት የለኝም፤ አልቻልሁም ማለት ስላፈርሁ ነው። እሳቸውም ትከሻዬን ስመው መርቀውኝ ሄዱ።

ረቡዕ ሐምሌ 10 ቀን ጠዋት አንኮበር የሚመላለሰው አውቶቡስ ሾፌር መኪናዋ ከማክሰኞ ጀምሮ አልነሣም እንዳለች የሚገልጽ መልእክት ከእሳቸው አመጣልኝ። በዚያው አውቶቡስ ሲመለስ መሣሪያዬን ይዤ ተሳፈርሁና ከቀኑ 11 ሰዓት ግድም ጎረቤላ ደረስሁ። ዝናብ ስለነበር በማግስቱ ልከፍታት ተስማማን፤ እነሱ ቤት አደርሁ።

ሐሙስ ሐምሌ 11 ቀን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ጭድ ቤቱ ውስጥ ሥራ ጀመርሁ። ለተጊዮርጊስን ከማታው ጀምሮ ምጥ ይዟት ስለነበር አቶ ገብረአማኑኤል ቤት ውስጥ ነበሩ፤ ፓምፑን ስከፍት ከጎኔ ሰው አልነበረም። የቆረጥሁት ላስቲክ አብጦና ተጨማዶ ነበር፤ በጣቴ ስነካው እንደ ራሰ ወረቀት ተበጠሰ። ቁራጩን ማንም ሳያየው ኪሴ ከተትሁት። ይህንኑ ቁራጭ ዛሬ ለመርማሪው አስረክቤያለሁ።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ የጤና ረዳት የሆነችው አሲያ በሽር ተጠርታ መጣች። ይህች ሴት የአልዩ አምባ ተወላጅ ስትሆን ጎረቤላ ትሠራለች። ገብታ ሩብ ሰዓት ያህል ከቆየች በኋላ እጇን እየታጠበች ወደ ግቢ ወጣች። አቶ ገብረአማኑኤልም ተከትለዋት ወጡ፤ እኔም ቀረብሁ። «አባቴ፣ ልጁ ማሕፀን ውስጥ ተጋድሟል፤ እጁ ቀድሞ ወጥቷል። በዚህ ሁኔታ እዚህ ሊያዋልዳት የሚችል ሰው የለም። ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል» አለቻቸው። እስከ ስንት ሰዓት ጊዜ አለን አሉ። «እስከ ስምንት ሰዓት ደብረ ብርሃን ከደረሰች ኢንሻአላህ ትተርፋለች። ከዚያ ካለፈ ማሕፀኗ ሊተረተር ይችላል» አለች።

አውቶቡሱ ከንጋቱ 12 ሰዓት ወጥቶ ሄዷል፤ የሚመለሰው ከሰዓት በኋላ ነው። በከተማው የነበረው ብቸኛ የጭነት መኪና ወደ አልዩ አምባ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ጭቃ ይዞት ሦስት ቀን ሆኖታል። ስልክ ለመደወል የሄደው ሰው መስመሩ በዝናብ ተቋርጧል ብሎ ተመለሰ። ጎረቤቶች በቃሬዛ እንሸከማታለን ብለው የባሕር ዛፍ አጣና ማሰር ጀምረው ነበር። ከጎረቤላ ደብረ ብርሃን 42 ኪሎ ሜትር ነው፤ በዚያ ጭቃ ላይ በሰው ትከሻ ከመሸ በኋላ እንኳ አይደረስም።

አቶ ገብረአማኑኤል ወደ ጭድ ቤቱ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። ኮፍያቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘውት ነበር። «ዘርአ ዳዊት፣ ተሠራች?» አሉኝ። ፓምፑ ሥራ አቁሟል፣ መለዋወጫም የለኝም አልኋቸው። አልተቆጡኝም። ግድግዳውን ተደግፈው ቁጢጥ አሉና ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ አደረጉ። ያን ጊዜ ሌላ መንገድ እንዳለ ነገርኋቸው።

ፓምፕ የሌለው ሞተር ቤንዚኑ ከበላዩ ከተቀመጠለት በራሱ ክብደት እየወረደለት ሊሠራ ይችላል። ጀሪካኑን አንድ ሰው ከሞተሩ ከፍ አድርጎ ይይዘዋል፤ ከጀሪካኑ የሚወጣው ቱቦ ቀጥታ ካርብሬተሩ ውስጥ ይገባል። ለአጭር መንገድ በሌሎች መኪናዎች ላይ ሠርቼው አውቃለሁ፤ 42 ኪሎ ሜትር ግን ሞክሬው አላውቅም። «ጋሼ፣ ቱቦው ከወለቀ ቤንዚኑ የጋለ ብረት ላይ ነው የሚፈሰው። ከዚያ በኋላ ማናችንም አንተርፍም» ብዬ በግልጽ ነግሬያቸዋለሁ። እሳቸውም ተነሥተው ኮፍያቸውን አደረጉና «አስረው» አሉኝ።

ቤንዚን ለመሳብ የምጠቀምበት ሦስት ሜትር የሚሆን ቱቦ መሣሪያ ሳጥኔ ውስጥ ነበረኝ። አንዱን ጫፍ አሥር ሊትር በሚይዝ ጀሪካን ውስጥ አስገብቼ አፉን በጨርቅ ወተፍሁት። ሌላውን ጫፍ በፊተኛው መስተዋት ላይ አሳልፌ፣ ኮፈኑን በትንሹ ከፍቼ፣ ካርብሬተሩ ላይ ሰካሁት። የቱቦ ማጥበቂያ ስላልነበረኝ በቀጭን ሽቦ ጠምጥሜ አሰርሁት። ሸራውን ወደ ኋላ አጠፍነው፤ ጀሪካኑን የሚይዘው ሰው የሚቀመጠው ከሁለቱ መቀመጫዎች ጀርባ ሸራው በሚታጠፍበት ጠባብ ቦታ ላይ ነው። ሁለት ጎረቤቶች እኛ እንያዝ ብለው ለመኑ። አቶ ገብረአማኑኤል «በልጄ ራስ ላይ ቤንዚን የምይዘው እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አላስቀምጥም» አሉ። ቦታውም ቢሆን ከእሳቸው ለገዘፈ ሰው የሚበቃ አልነበረም።

ለተጊዮርጊስን በጋቢ ጠቅልለው ተሸክመው አመጧት። አሲያ በግራ ጎኗ እንድትጋደም አድርጋ መቀመጫውን በትራስ ሞላችው። የወጣውን የሕፃኑን እጅ ማንም እንዳይነካው፣ እንድትገፋም እንዳንፈቅድላት አጥብቃ አስጠነቀቀችን። እሷ አብራን እንድትሄድ ቦታ አልነበረም። ልንነሣ ስንል ወይዘሮ አስካለማርያም በእኔ በኩል መጥተው በሩን ያዙ። «ወንድሜ፣ ታደርሳታለች?» አሉኝ። እኔም «ታደርሳታለች፣ አይስጉ» አልሁ። ከጎረቤላ የወጣነው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ40 ላይ ነው።

ጉም መንገዱን ሸፍኖት ስለነበር ከአሥር ሜትር በላይ አይታየኝም ነበር፤ ካፊያም ነበር። ጀሪካኑ በክንዳቸው ላይ ዝቅ ባለ ቁጥር ሞተሩ መንተፋተፍ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ «ከፍ ጋሼ» እላለሁ፣ እሳቸውም ያነሡታል፣ መኪናዋም ትጠነክራለች። በዚህ ዓይነት ዳገቱን ወጣን። ለተጊዮርጊስ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ይዛ ነበር። ምጡ ሲመጣባት እግሯን መኪናው ወለል ላይ ስትገፋ ይሰማኛል። በአንዱ ምጥና በሌላው መካከል ቀና ብላ «አባባ፣ ክንድዎ ደከመ?» አለቻቸው። «አልደከመኝም። አንቺ አትግፊ» አሏት። ክንዳቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር፤ በወተፍሁት ጨርቅ በኩል ቤንዚኑ እየተንጠባጠበ በእጅጌያቸው ወደ ኮታቸው ይወርድ ነበር። ሽታው ይሰማኝ ነበር። ካፊያውና ቤንዚኑ ተደባልቆ ልብሳቸው ምን ያህል እንደራሰ ግን አላስተዋልሁም።

ጎርጎ የሚባለውን ቦታ ካለፍን በኋላ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ መኪናዋ ጨርሶ ጠፋችብኝ። ወርጄ ሳይ ከጀሪካኑ ሥር የነበረ ቆሻሻ የካርብሬተሩን ቀዳዳ ደፍኖታል። ፈትቼ በአፌ ነፍቼ ለማጽዳት ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ፈጅቶብኛል። ጣቴ ከብርዱ የተነሣ አልታዘዝ ብሎኝ ብሎን ሁለት ጊዜ ጭቃ ውስጥ ጥዬ በዳበሳ ነው ያገኘሁት። በዚያን ጊዜ ለተጊዮርጊስ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸች። አባቷ ጀሪካኑን እንደያዙ በአንድ እጃቸው ፀጉሯን እየደባበሱ ስለ አንድ የድሮ የቅየሳ ሥራቸው ያወሩላት ጀመር፤ ድንኳናቸውን ንፋስ ስለወሰደባቸው ቀን ይመስለኛል። ቃሉን በደንብ አልሰማሁትም። ቱቦውን መልሼ ስሰካ ያው ሽቦ በመጠምዘዝ ብዛት ላልቶ ነበር፤ ሌላ ሽቦ ፍለጋ ሳጥኔን ከመበርበር በዚያው አጥብቄ አሰርሁት። ይህም የእኔ ጥፋት ነው።

ደብረ ብርሃን ለመድረስ 9 ኪሎ ሜትር ሲቀረን፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ከ10 ግድም፣ መንገዱ ሜዳ ስለሆነ ፍጥነት ጨመርሁ። ጎርፍ የቆረጠው ቦታ ነበር፤ ጉድጓዱን ያየሁት ከደረስሁበት በኋላ ነው። የፊቱ ጎማ ገብቶ ሲወጣ መኪናዋ በኃይል ተንገጫገጨች። ወዲያው ቧ የሚል ድምፅ ሰማሁና ከኮፈኑ ሥር ነበልባል ወጣ። ቱቦው ከካርብሬተሩ ወልቆ ቤንዚኑ የጭስ ማውጫው ብረት ላይ ፈስሷል። ፍሬን ያዝሁ። እሳቱ በቱቦው ላይ እየሮጠ በመስተዋቱ በኩል ወደ እኛ ሲመጣ አይቻለሁ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ሁሉ በጣም አጭር ጊዜ ውስጥ ነው። አቶ ገብረአማኑኤል ጀሪካኑን ቢለቁት በልጃቸው ላይ ይደፋ ነበር። እሳቸው ግን በደረታቸው አቅፈው ወደ ኋላ፣ በመኪናዋ ጀርባ በኩል፣ ራሳቸውን ጣሉ። ወድቀው ተነሡና ከመኪናዋ ለመራቅ ወደ እርሻው ሮጡ። ጀሪካኑ በእጃቸው ሳለ ተቀጣጠለ። ኮታቸውም አብሮ ተያያዘ። እኔ በሩን ከፍቼ ለተጊዮርጊስን በብብቷ ይዤ ጎትቼ አወጣኋትና ከመንገዱ ማዶ ሣሩ ላይ አስተኛኋት። ይህን ሳደርግ እሳቸውን እያየሁ ነበር። መጀመሪያ ወደ እሳቸው ልሩጥ ወይስ እሷን ላውጣ ብዬ ያሰብሁበት ጊዜ የለም፤ እጄ የያዘው እሷን ነው። ከዚያ ጋቢዋን ይዤ ሮጬ ደረስሁባቸው። ጀሪካኑን ወርውረውት ነበር፤ እሳቸው ጭቃው ላይ ይንከባለሉ ነበር። በጋቢው ጠቅልዬ አጠፋሁት። ደረታቸው፣ አንገታቸውና ሁለት ክንዳቸው ተቃጥሏል። በእኔም መዳፍ ላይ አሁን የሚታየው ቃጠሎ በዚያን ጊዜ የደረሰ ነው።

ዓይናቸውን ገልጠው «ቤንዚን ተርፎናል?» አሉኝ። መኪናዋ እየነደደች ነበር፤ እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ስለተኙ አላዩዋትም። «አለ ጋሼ» አልኋቸው።

ጭሱን አይተው በአካባቢው ይሠሩ የነበሩ ገበሬዎች መጡ። ከእነሱም መካከል ወልደ ሰንበት የሚባል ሰው ሣር የጫነ ጋሪ በፈረስ ይዞ ነበር። ሣሩን ደፋውና «ከአንድ ሰው በላይ አስተኝቼ መሮጥ አልችልም፤ ፈረሱም አንድ ነው። ማንን ልውሰድ?» አለኝ። ጥያቄው የቀረበው ለእኔ ነው፤ መልሱንም የሰጠሁት እኔ ነኝ። ለተጊዮርጊስን አንስተን ጫንናት። «አባባስ?» አለችኝ። ከኋላ ይመጣሉ አልኋት። ፊቷን አዙራ እንዳታይ በአካሌ ከልዬአት ነበር። ጋሪው የሄደው ከቀኑ 7 ሰዓት ከ25 ላይ ነው፤ አንዲት ገበሬ ሴት ራሷን ደግፋ ይዛት አብራ ሄዳለች።

ገበሬዎቹ ሁለት አጣና ቆርጠው ብርድ ልብስ አስረው ቃሬዛ ሠሩ። አራት ሆነው አቶ ገብረአማኑኤልን ተሸከሙ፤ እኔ በራሳቸው በኩል እየሄድሁ በፕላስቲክ ከዝናቡ ከለልኋቸው። ብርድ ብርድ አለኝ ከማለት በቀር አላቃሰቱም። ልጃቸው በጋሪ እንደሄደች ስነግራቸው «ፈረሱ ጠንካራ ነው?» አሉ። ጠንካራ ነው አልኋቸው። ጥቂት ከሄድን በኋላ ወደ እኔ ዞረው «ዘርአ ዳዊት፣ ፓምፑ አዲስ አልነበረም እንዴ? ምን ነካው?» ብለው ጠየቁኝ። የጠየቁኝ እንደ መክሰስ አይደለም፤ እንደ ወትሮው ከጎኔ ተቀምጠው ስለ ሥራው እንደሚጠይቁኝ ነው። ያን ጊዜ እውነቱን መናገር እችል ነበር። የተሸከሟቸው ሰዎች አያውቁኝም፤ የሚሰማኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ። እኔ ግን «አዲስ ነበር ጋሼ፤ ምን እንደነካው አላውቅም» አልኋቸው። «እንግዲህ አንተ ምን ታደርግ» አሉኝ። ከዚህ በኋላ ሌላ ቃል አልተናገሩም። ከከተማው አራት ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረን ትንፋሻቸው ቆመ። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ሰዓት ነበረው፤ 8 ሰዓት ከ35 ነው ብሎኛል።

ለተጊዮርጊስ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ20 ሆስፒታል ደርሳ በኦፕራሲዮን ተገላግላለች። ሴት ልጅ ናት። ሕፃኗ ቀኝ እጇ አብጦና ጠቁሮ እንደተወለደች፣ ለሁለት ቀን ሳታለቅስ እንደቆየች፣ ከቅዳሜ ጀምሮ ግን ጡት መያዟን ባሏ ወርቅአገኘሁ ነግሮኛል። ወርቅአገኘሁ ዓርብ ጠዋት ከሰላ ድንጋይ መጥቶ ሆስፒታሉ በር ላይ ሲያገኘኝ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ብሏል። ሚስቴንና ልጄን ያተረፍህልኝ አንተ ነህ ብሎኛል። አንስቼው ወደ ሚስቱ ክፍል መራሁት። ለተጊዮርጊስ የአባቷን ሞት እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ አልሰማችም፤ በቃጠሎው ምክንያት ሌላ ክፍል ተኝተዋል ብለዋታል።

ቀብሩ ዓርብ ሐምሌ 12 ቀን አንኮበር ተፈጽሟል። እኔም ተገኝቻለሁ። ሰዎች እጄ በጨርቅ ታስሮ ሲያዩ ቦታ ለቀውልኝ ከዘመድ ጋር አስቀመጡኝ።

ትናንት እሑድ በሣልስቱ ዕለት እንደገና ሄድሁ። ሰው ሲቀንስ ጠብቄ ወይዘሮ አስካለማርያም ከተቀመጡበት ቀረብሁና ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ከከመነዳሪው ጀምሬ በቃሬዛው ላይ እስከዋሸሁት ድረስ። ሳያቋርጡኝ ሰሙኝ። ስጨርስ «እሱ አውቆት ነበር?» አሉኝ። «አላወቁም። ሲጠይቁኝም ዋሸኋቸው» አልሁ። እኔ ሊረግሙኝ ነው ብዬ ነበር፤ ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ግን እንዲህ አሉኝ፦ «ይህን ለምን እኔ ዘንድ አመጣኸው? እኔ አሁን የማሳድገው የልጅ ልጅ አለኝ፤ ከልጄ የምደብቀው ሞት አለኝ። ይህን ጨምሬ ይዤ መኖር አልችልም። ለሚጽፍ ሰው ሂድና ንገረው፤ እሱ ጋ ይቀመጥ።»

ወደ ጣቢያው የመጣሁት ስለዚህ ነው።

መርማሪው ቃሌን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቦልኛል፤ የጨመረውም ያጎደለውም የለም። በምስክርነት ያስገቡኝ እንደሆነ፣ ወይም ከእንግዲህ በተከሳሽነት ያስገቡኝ እንደሆነ፣ የምናገረው ይህንኑ ነው፤ ሌላ የምለው የለኝም። የቀኝ መዳፌ ስለተቃጠለ በግራ እጄ ፈርሜአለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ዘርአ ዳዊት ወልደአረጋይ (በግራ እጅ)

ቃሉን ተቀብዬ በምስክሩ ፊት ያነበብሁ፦ ሳጅን ገብረመንፈስቅዱስ ገብረአብ፣ ፊርማ

ሐምሌ 15 ቀን 1988 ዓ.ም.፣ ደብረ ብርሃን